ረግጠው ሲይዙት የሚሰምጥ የፍሬን ፔዳል፦ ዘይቱ ወዴት እየሄደ ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦

«መብራት ላይ ቆሜ ፍሬን ረግጬ ስይዝ ፔዳሉ ቀስ እያለ ወለል ድረስ ይወርዳል። ለቅቄ እንደገና ስረግጥ ከላይ ይይዛል፤ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይሰምጣል። የፍሬን ዘይቱ አልጎደለም። መሬት ላይም የፈሰሰ ነገር የለም። ጋራዥ ወስጄው የፊት ሸራ ተቀየረ፣ አየርም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ባሰበት። አሁን ደግሞ ሰርቮው ነው ተብያለሁ። ከመግዛቴ በፊት ምን ላጣራ? እስከዚያስ ቀስ እያልኩ ብነዳው ችግር አለው?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። አይንዱት። ቀስ ብለውም፣ ሰፈር ውስጥም፣ እስከ ጋራዥ ድረስም አይንዱት። ዛሬ ቀስ ብሎ የሚሰምጥ ፔዳል ነገ አንዴ ሲረግጡት ወለል ሊነካ ይችላል። መቼ እንደሚብስበት ደግሞ ቀድሞ አይነግርዎትም። ወይ ያስጎትቱት፣ ወይ መካኒኩ መኪናው ያለበት ድረስ ይምጣ።

ቀጥሎ፣ ሰርቮውን አይግዙ። በነገሩን ምልክት ሰርቮው ተጠርጣሪ አይደለም። የሰርቮ ሥራ የእግርዎን ጉልበት ማገዝ ነው። የዘይቱን ግፊት የሚጠብቀው እሱ አይደለም። ሰርቮ ሲበላሽ ፔዳሉ ይጠነክራል፤ ባለ በሌለ ጉልበትዎ ረግጠው እንኳ መኪናው በግድ ነው የሚቆመው። የእርስዎ ፔዳል ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ሰርቮው ወደዚህ ታሪክ የሚገባበት አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

እግረ መንገዴን፣ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬን ረግጠው ይዘው ሞተሩን ሲያስነሱ ፔዳሉ ትንሽ ወረድ ይላል። ይህ ጤነኛ ነው። ሰርቮው ማገዝ መጀመሩን ነው የሚያሳየው። ወረድ ብሎ ከቆመ ምንም የለበትም። ወረድ ብሎ መውረዱን ከቀጠለ ግን እያወራንበት ያለው ችግር እሱ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። ፔዳሉን ሲረግጡ ዘንግ ይገፋል። ዘንጉ በሰርቮው በኩል አልፎ ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ያሉትን ፒስተኖች ይገፋል። ማስተር ሲሊንደር የሚባለው ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ከፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ሥር የተቀመጠው ዋናው የፍሬን ፓምፕ ነው። ፒስተኖቹ ላይ ጎሚኒ የምንላቸው የጎማ ቀለበቶች አሉ። ጎሚኒው የሲሊንደሩን ግድግዳ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ዘይቱን ወደ አራቱ ጎማዎች ይገፋል። ፈሳሽ ደግሞ ተጨምቆ አያንስም። ስለዚህ ሸራው ዲስኩን ከያዘ በኋላ ፔዳሉ የሚሄድበት ቦታ የለውም። እግርዎ ባለበት ከሆነ ፔዳሉም ባለበት መቆም አለበት። እግርዎ ሳይጨምር ፔዳሉ ከወረደ ዘይቱ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ምርመራው በሙሉ «ወዴት?» የሚለውን መመለስ ነው።

የሚሄድበት ቦታ ብዙ አይደለም። ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል። ወይ በጎሚኒው አጠገብ ሾልኮ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ወይ፣ አልፎ አልፎ፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ክፍሉ ውስጥ ወዳለ ትንሽ ክፍተት ይገባል። ሸራ መቀየር ከእነዚህ አንዱንም አይነካም። ለዚህ ነው ያልተሻለዎት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንለይ። «ፍሬኑ ይገባል» የሚለው አባባል ሦስት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ላይ ይጠራል። አንደኛው ከመጀመሪያውም ዝቅ ብሎ የሚይዝ ፔዳል ነው። ሩቅ ይሄዳል፣ ከዚያ ይይዛል፣ ከያዘ በኋላ አይንቀሳቀስም። ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ ይላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የክፍተት ጉዳይ ነው፤ የኋላ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ውስጥ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ወይም ማስተካከያው ዝጎ ቆሟል። ኩሽኔታው የላላ ጎማም ዲስኩን እያወዛወዘ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከጥምዝ ወይም ከኮረኮንች በኋላ የመጀመሪያው አረጋገጥ ላይ ፔዳሉ ሩቅ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ላይ ደህና ይሆናል። ሌላው ለስላሳ፣ እንደ ስፖንጅ የሚመልስ ፔዳል ነው። እሱ ውስጥ አየር አለ። አየር ይጨመቃል፤ ግን የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ረግጠው ሲይዙት አይሰምጥም። የእርስዎ ሦስተኛው ነው፤ ከላይ ይይዛል፣ ከዚያ ይሰምጣል። ያረጀ መኪና ላይ ከሦስቱ ሁለቱ አብረው ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ደጋግመው ረግጠው ከፍ ያድርጉት፣ ከዚያ ይያዙት። ከዚያ ከፍታ ላይ የሚወርድ ከሆነ ነገሩ፣ ወደ ውጭም ይሁን ወደ ውስጥ፣ ማፍሰስ ነው።

የጻፉት ምልክት ሲደመር ጣቱ ማስተር ሲሊንደሩ ላይ ያርፋል። ለቀው ሲረግጡ ከላይ የሚይዘው ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። እግርዎን ሲያነሱ ስፕሪንጉ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሾልኮ የተመለሰው ዘይትም ከማጠራቀሚያው ወደ ቦታው ይገባል። ሲሊንደሩ እንደገና ሞላ ማለት ነው። እንደገና ይሾልካል፣ እንደገና ይሞላል። ዘይቱ ከሥርዓቱ አልወጣም፤ ስለዚህ አይጎድልም። ዳሽቦርድ ላይ ያለው የፍሬን መብራትም አይበራም፤ ዘይት ሲጎድል የሚበራው መብራት የሚያየው ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን ከፍታ ብቻ ነውና። መብራቱ ስላልበራ ፍሬኑ ደህና ነው ብሎ መደምደም ትልቅ ስህተት ነው።

የተበላሸ ጎሚኒ ምን እንደሚመስል ላሳይዎ። ከሲሊንደሩ ሲወጣ ላዩ ሲያዩት ብዙም ነገር የለውም። ጠርዙን በጣት ሲዳስሱት ነው የሚታወቀው። ጤነኛው ጠርዝ ቀጭን፣ እኩልና ወደ ውጭ የተዘረጋ ነው። ያለቀው አንድ ጎኑ ተልጦ ያብለጨልጫል፤ ወይም ጥፍር የሚይዝ ትንሽ ስንጥቅ አለው። ሲሊንደሩን በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ቢያዩት ደግሞ ፒስተኑ በየቀኑ የሚመላለስበት ቦታ ንጹሕና የሚያንጸባርቅ ነው። ከዚያ ወዲያ፣ ፒስተኑ የማይደርስበት ጋ፣ የጠቆረ ወይም የዛገ ድንበር ይታያል። ይህን ድንበር ያስታውሱት። ጋራዥ ደርሶ ለምን እንደባሰበት የሚያስረዳው እሱ ነው።

አየር ሲወጣ አንድ ሰው ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው የአየር ማስወጫውን ብሎን ይከፍታል። ብሎኑ ሲከፈት ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። በሰላም ጊዜ ፒስተኑ ግማሽ መንገድ እንኳ አይሄድም። አሁን ግን ዓመታት ሙሉ ደርሶበት ወደማያውቀው ዝገትና ቆሻሻ ውስጥ ተገፋ። የጎሚኒው ጠርዝ እዚያ ላይ ይፋቃል። ትንሽ ትንሽ ይሾልክ የነበረው በግልጽ መሹለክ ይጀምራል። ስለዚህ ያረጀ መኪና ላይ አየር የሚያወጣ ሰው ከፔዳሉ ሥር እንጨት ማስቀመጥ አለበት፤ ፔዳሉ ወለል እንዳይነካ። ትንሽ ጥንቃቄ ናት፤ ብዙ ማስተር ሲሊንደር ታድናለች።

አሁን እርስዎ ራስዎ የሚያደርጉት ምርመራ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ይግባ። ሞተሩ ይጥፋ። የሰርቮው ቫኪዩም (አየር ተስቦ የሚፈጠረውና የሚያግዝበት ባዶነት) እንዲያልቅ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጡ፤ እየጠነከረ ይሄዳል። ከዚያ እግርዎን አሳርፈው በቀስታ ብቻ ይጫኑት። መብራት ላይ ቆመው መኪናው እንዳይሄድ ብቻ የሚይዙትን ያህል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ይጠብቁ። ከዚያ መካከለኛ አድርገው፣ በመጨረሻ ጠንክረው ይድገሙት። ሞተሩ በርቶም እንዲሁ።

ቀስታው ላይ አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ጠንክረው ሲረግጡ የዘይቱ ግፊት ራሱ የጎሚኒውን ጠርዝ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ያለቀ ጎሚኒ እንኳ እንዲህ ሲደረግ ሊይዝ ይችላል። በቀስታ ሲጫኑት ግን የሚያጣብቀው ግፊት ትንሽ ስለሆነ ዘይቱ ይሾልካል። ብዙ መኪና «ደህና ነው» ተብሎ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። መካኒኩ ገብቶ በኃይል ይረግጠዋል፣ ፔዳሉ ይይዝለታል፣ እሱም ከመኪናው ይወርዳል። ባለቤቱ መንገድ ላይ ያየው የቀስታውን ነው። በቀስታ ሲሰምጥ፣ በኃይል ሲያዝ የሚቆም ፔዳል ካገኙ ማስተር ሲሊንደሩ ላይ ያለው ጥርጣሬ በጣም ይጠነክራል።

ያም ሆኖ ገና አይፍረዱ። «ዘይቱ አልጎደለም» ያሉት ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሸራው ሲቀየር ማጠራቀሚያው ተሞልቶ ነበር ወይ? አየር ሲወጣ ዘይት ይጨመራል። አዲስ ሸራ ሲገባም የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ፒስተን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ዘይቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከጋራዥ በኋላ ሙሉ ሆኖ ማየትዎ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማጠራቀሚያው ላይ አሁን ያለበትን ከፍታ በቴፕ ምልክት ያድርጉበት። መኪናው ሳይነዳ፣ ፔዳሉን ብዙ ጊዜ ረግጠው ይዘው፣ በማግሥቱ ይዩት።

ከዚያ ማፍሰስን በዓይን መፈለግ ነው። ለዚህ ጎማ መውጣት አለበት። ክሪክ ላይ ብቻ በቆመ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይግባበት። የእያንዳንዱን ጎማ ውስጠኛ ጎን ይዩ። ካሊፐሩ ዙሪያ ርጥበት አለ? የጎማ ቱቦው አብጧል ወይ ተሰነጣጥቋል? የኋላው ታምቡር ከሆነ ታምቡሩ ይውለቅ። ውስጥ ያለችው ትንሽ ሲሊንደር ጫፏ ላይ የአቧራ መከላከያ ጎማ አላት። ጠርዟን በትንሹ ገለጥ ያድርጉ። ከሥሯ ዘይት ካለ ያፈሰሰው እሱ ነው። ታምቡሩ ውስጥ የፈሰሰ ዘይት መሬት ላይ ለመታየት ጊዜ ይፈጅበታል፤ መጀመሪያ አቧራው ይጠጣዋል። የብረት ቱቦዎቹን ደግሞ ከመኪናው ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተሏቸው። የሚበሉት ጭቃ በሚያጠራቅመው ማሰሪያቸው ላይ ነው።

ሰርቮው የሚገባበት ቦታ እዚህ ጋ ነው። ማስተር ሲሊንደሩ በኋላው በኩል ሰርቮው ላይ የታሰረ ነው። የኋላው ጎሚኒ ካፈሰሰ ዘይቱ መሬት ላይ አይወርድም፤ ሰርቮው ሆድ ውስጥ ይገባል። ውጪው ሁሉ ደረቅ ሆኖ ማጠራቀሚያው ይጎድላል። ሞተሩም በቫኪዩም ቱቦው ሲስበው ነጭ ጭስ ሊያሳይ ይችላል። ለማረጋገጥ የሚያስሩትን ሁለት ዳዶዎች ፈትቶ፣ ቱቦዎቹን ሳይነኩ ማስተር ሲሊንደሩን በትንሹ ወደ ፊት ሳብ ማድረግ ነው። መጋጠሚያው ላይ ርጥበት ካለ ተገኘ። ሰርቮው ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመ የውስጡ ጎማ ስለሚጎዳ እሱም መታየት አለበት።

ውጭው ሁሉ ደረቅ ከሆነ ማጠራቀሚያውን ይክፈቱ። ዓይንዎ ላይ መነጽር ያድርጉ፤ ዘይቱ ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል። ሌላ ሰው ፔዳሉን በዝግታ ይርገጥና ይያዝ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ፍልቅ ብትል አይደንግጡ፤ ፒስተኑ የመመለሻዋን ቀዳዳ እስኪያልፍ የሚገፋት ናት። ከዚያ በኋላ የዘይቱ ገጽ መርጋት አለበት። ፔዳሉ ተይዞ ሳለ ውስጡ መሽከርከር ወይም መንቀጥቀጥ ከቀጠለ፣ ወይም ፔዳሉ ሲሰምጥ ዘይቱ ቀስ እያለ ከፍ ካለ፣ ጎሚኒው ሲያሳልፍ በዓይንዎ እያዩት ነው። ምንም ካላዩ ግን ነጻ አወጡት ማለት አይደለም። አንዳንዱ ማጠራቀሚያ ውስጡ ግድግዳ ስላለው አያሳይም።

ቁርጡን የሚያሳውቀው ምርመራ የመካኒክ እጅ ይፈልጋል። መጀመሪያ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች ለዚሁ በተሠራ፣ አፉ ለስላሳ በሆነ መቆንጠጫ አንድ በአንድ መያዝ። በፒንሳ አይደለም፤ ፒንሳ ቱቦውን ከውስጥ ይቆርጠዋል። የተሰነጣጠቀ ወይም የብረት ሽቦ የለበሰ ቱቦ ደግሞ አይቆነጠጥም። የአንዱ ጎማ ቱቦ ሲቆነጠጥ መስመጡ ከቆመ ችግሩ እዚያ ጎማ ላይ ነው። ሁሉም ተቆንጥጠው ፔዳሉ አሁንም ከሰመጠ ችግሩ ከቱቦዎቹ በፊት ነው።

ቀጥሎ የብረት ቱቦዎቹ ከማስተር ሲሊንደሩ ይፈቱና መውጫዎቹ በመድፈኛ ብሎን ይደፈናሉ። መድፈኛው ጥርሱም አቀማመጡም ልኩ መሆን አለበት። ያልሆነ ጥርስ የሲሊንደሩን አሉሚኒየም ይልጣል። አፉ በደንብ ያልገጠመ መድፈኛ ደግሞ ራሱ እያፈሰሰ ጤነኛ ሲሊንደር ያስኮንናል። አየሩ ከውስጥ ከወጣ በኋላ ፔዳሉ በቀስታ ይያዝ። ከፍ ብሎ፣ ጠንክሮ፣ ሳይንቀሳቀስ አንድ ደቂቃ ከቆመ ማስተር ሲሊንደሩ ንጹሕ ነው። ከሰመጠ ሌላ ክርክር የለም፤ ይቀየር። ይህን ያደረገ መካኒክ ምን እንደሚያስገዛዎት ያውቃል። ይህን ሳያደርግ «እስቲ ሰርቮ እንሞክር» የሚልዎት በእርስዎ ገንዘብ እየገመተ ነው። በፍሬን ላይ መገመት ደግሞ ከገንዘብም በላይ ያስከፍላል።

ማስተር ሲሊንደሩ ነጻ ከወጣ፣ የብረት ቱቦዎቹ ደረቅ ከሆኑ፣ የጎማዎቹ ቱቦዎችም ተቆንጥጠው ፔዳሉ ከሰመጠ የሚቀረው ኤቢኤስ ነው። ውስጡ ጎማ ሲቆለፍ ብቻ ተከፍተው ግፊት የሚለቁ ቫልቮች አሉ። አንዱ ሥር ቆሻሻ ከገባ ሳይታዘዝ ያሳልፋል። ዘይቱ የሚገባበት ክፍተት ትንሽ ስለሆነ ፔዳሉ ብዙውን ጊዜ የተወሰነ ወርዶ ይቆማል። ብዙም የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ክፍሉም ውድ ስለሆነ ከመፍረድ በፊት ዘይቱን በሙሉ ቀይሮ፣ በመመርመሪያ ኮምፒውተር ፓምፑንና ቫልቮቹን ደጋግሞ ማሠራት ይገባል። አንዳንዴ ቆሻሻው ይወጣል። ፔዳሉ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ሃይብሪድ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ግን እስካሁን ያልኩት ብዙው አይሠራም። እዚያ ከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ የሚቀመጥበት ክፍል አለ። ያለ አምራቹ መመሪያ አይነካም።

ስለ ዘይቱም ማየት ያለብዎት ነገር አለ። ማጠራቀሚያው ውስጥ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት በስህተት ገብቶ ከሆነ ጎሚኒዎቹ በሙሉ ያብጣሉ። የፍሬን ጎማዎች የፔትሮሊየም ዘይት አይችሉም። ምልክቱ ክዳኑ ሥር ያለው ጎማ ላይ ይታያል፤ አብጦና ተጣሞ ወደ ቦታው አልመለስ ይላል። ለማረጋገጥ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከማጠራቀሚያው ጥቂት ጠብታ ይጨምሩ። የተለመደው የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለው ደረጃ፣ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። የሞተር ዘይት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከተንሳፈፈ ማስተር ሲሊንደር ብቻ መቀየር ከንቱ ነው። አዲሱም በዚያው ዘይት ያብጣል። የሥርዓቱ ጎማ በሙሉ፣ ቱቦዎቹ ጭምር፣ መቀየር አለበት፤ የብረት ቱቦዎቹም ይታጠባሉ። ብዙ ወጪ መሆኑን አውቃለሁ። ማቋረጫ መንገድ ግን የለውም።

ያረጀ ዘይት ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል። አዲስ ዶት 4 የሚፈላው ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ ወዲህ አይደለም። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 3 ቁጥሮቹ 205 እና 140 ናቸው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየያዙ ሲወርዱ ዘይቱ ካሊፐሩ ውስጥ ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ድንገት ወለል ይነካል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የእርስዎ ቀዝቅዞ ቆሞም የሚሰምጥ ስለሆነ ይህ አይደለም። ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው ግን ልዩነቱ ይጠቅማል።

እየነዱ ሳለ ፔዳሉ ወለል ከነካ ደጋግመው በፍጥነት ይርገጡት። ብዙ ጊዜ የተወሰነ ግፊት ይመለሳል። ማርሽ ይቀንሱ፣ ሞተሩ ይያዝልዎት። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይሳቡት፤ ባንዴ ከሳቡት የኋላ ጎማ ተቆልፎ መኪናው ይዞርብዎታል። የሚሳብ ሳይሆን በአዝራር የሚሠራ ከሆነ አዝራሩን ይዘው ይቆዩ፤ በብዙ መኪና ላይ እስኪቆም ድረስ ያግዛል። ሞተሩን አያጥፉ። መሪው ይከብዳል፤ ቁልፉ ከወጣም ሊቆለፍ ይችላል።

ማስተር ሲሊንደሩ መሆኑ ከተረጋገጠ እኔ ሙሉውን ቀይሩ ነው የምለው። ጎሚኒ ብቻ የመቀየር ልማድ አለ። ሲሊንደሩ ውስጡ እንደ መስታወት ንጹሕ ከሆነ ሊሠራ ይችላል። የተቦረቦረ ወይም የተጫረ ከሆነ ግን አዲሱንም ጎሚኒ ይበላዋል። አሉሚኒየም ሲሊንደርን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ደግሞ ላዩ ላይ ያለውን ጠንካራ ሽፋን ያነሳዋል። ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

አዲሱ መኪናው ላይ ከመታሰሩ በፊት አየሩ ውጭ ላይ ይውጣለት። ሲሊንደሩ ሞርሳ ላይ በክንፉ ይያዛል። ከመውጫዎቹ አጫጭር ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ፒስተኑ ጫፉ ደነዝ በሆነ ዘንግ በዝግታ ይገፋል፣ በዝግታ ይለቀቃል፣ አረፋ እስኪጠፋ ድረስ። ይህ ከተዘለለ መኪናው ላይ ከታሰረ በኋላ አየሩን ማስወጣት እጅግ ያደክማል፤ ፔዳሉም ለስላሳ ሆኖ ይቀርና አዲሱ ዕቃ ይታማል። ዘይቱ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን፤ ጠርሙሱም ታሽጎ የቆየ። ሲሊኮኑ ዶት 5 ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። በየትኛው ጎማ ተጀምሮ አየር እንደሚወጣ ደግሞ እንደ መኪናው ይለያያል። ከሩቁ ጎማ መጀመር የተለመደ ቢሆንም የአምራቹ መመሪያ ይቀድማል። ቀለም ላይ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ወዲያው በውሃ ይታጠብ፤ ቀለም ይልጣል።

መኪናውን ሲረከቡ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ያንኑ የቀስታ ምርመራ ይድገሙት። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ደቂቃ፣ በርቶ አንድ ደቂቃ። ፔዳሉ መንቀሳቀስ የለበትም። ከዚያ ጎማዎቹ ተነስተው፣ ፍሬን ተረግጦ ከተለቀቀ በኋላ በእጅ ይዙሩ። የሰርቮው ዘንግ ልኩ ከረዘመ ዘይቱ መመለሻ ያጣል፤ ፍሬኑ ሳይረገጥ መያዝ ይጀምራል፣ ሲግል ደግሞ ይብስበታል። በነጻ የሚዞሩ ከሆነ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በእግር መንገድ ፍጥነት እየነዱ ደጋግመው ይያዙ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ፍጥነት ይጨምሩ። ማጠራቀሚያው ላይ አዲስ የቴፕ ምልክት ያድርጉና በማግሥቱ ጠዋት ይዩት። ከምልክቱ ወርዶ ካገኙት መኪናው ከቦታው አይነሳ፤ መጀመሪያ የሚታየውም አዲሱ ማስተር ሲሊንደር ከሰርቮው ጋር የሚገጥምበት ቦታና የፈቱት የቱቦ ጫፍ ሁሉ ነው።